ፊት ሳይሆን ምስክር እንይ

በገዳሪፍ፣ በዶካና በገላባት ቤት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ ከድንበሩ ድልድይ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃና በጎንደር ቤት ለምታከራዩ፣ በየስልካችሁ የቤት ማስታወቂያ ለምታዘዋውሩ ወገኖቼ ሁሉ ይህን ጥሪ አቀርባለሁ። ቤት ፈላጊ የአከራዩን ፊት፣ አከራይም የተከራዩን ፊት አይቶ የሚወስንበትን ልማድ በጋራ እንተው። በምትኩ ቀድሞ አብሮ የኖረ ሰው የሚሰጠውን ቃል እናስቀድም። አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ አብረን ከያዝነው ግን ገንዘብም የመንግሥት ፈቃድም አይጠይቅም።

ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ገዳሪፍ የሸሸ ሰው ሁሉ መግቢያ ሆነች። በሰኔ 2016 መጨረሻ ሲንጃ ስትወረር ደግሞ ሌላ ሕዝብ ጎረፈባት። ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ፤ ሁለት አንገረብ የማያዘረጋ ክፍል ሳይቀር ኢጃሩ (ኪራዩ) አልቀመስ አለ። ካርቱም ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሐበሻ፣ ከኡም ራኩባ ወይም ከቱናይድባ መጠለያ ወጥቶ የቀን ሥራ የሚያሳድድ ወጣት፣ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ ገበሬ፣ ሻይ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ከካርቱም የተሰደደ ሱዳናዊ ቤተሰብ፣ ሁሉም ለአንድ ክፍል ይጋፋል። ቀድሞ ቤት የሚገኘው በእግር ነበር፤ ሲምሳሩ (ደላላው) ከሆሽ ሆሽ፣ ከግቢ ግቢ ያዞርሃል፣ ባለቤቷ ሻይ ታቀርባለች፣ ጎረቤት ብቅ ብሎ ያይሃል፣ አንተም ታያለህ። ዛሬ ብዙው ነገር ስልክ ላይ ያልቃል። በዋትስአፕ ወይም በፌስቡክ "አንድ ክፍል፣ ሆሽ ውስጥ፣ ውኃ አለው" የሚል መልእክት ይመጣል። ከጎኑ የአከራዩ ትንሽ ክብ ፎቶ አለች። ፈራጇ እሷ ናት።

ሁለት ማስታወቂያ በአንድ ምሽት ተከታትለው ሲወጡ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ላይ ነጠላዋን ያጣፋች ቀይ ሴት አለች፤ ከኋላዋ ረከቦት ይታያል። ስለ ክፍሉ የተጻፈው "ንጹሕ ነው" ብቻ ነው፣ ዋጋው "በውስጥ መስመር" ነው። በሁለተኛው ላይ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጉንጩ ላይ የጎሳው ጠባሳ የተሰመረበት ጥቁር ሽማግሌ አለ። እሱ ግን የክፍሉን ፎቶዎች አያይዟል፤ ከውስጥ የሚቆለፍ የብረት በር፣ በራኩባው ጥላ ሥር የተቀመጠ የውኃ ዚር፣ ለብቻው የታጠረ ሽንት ቤት። ዋጋውን ቁጭ አድርጎታል፤ የአንድ ወር ብቻ ቅድሚያ እንደሚቀበልም ጽፏል። ከመጀመሪያው ሥር "እህቴ ቁጥርሽን ላኪልኝ" የሚል መልእክት ተደረደረ። ከሁለተኛው ሥር አንድ ሰው ብቻ ብቅ አለ፤ እሱም "ይሄን ሰውዬ የሚያውቀው አለ?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

የዚያ ሰው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። መቶ ሰው በተሰበሰበበት ቡድን ውስጥ ሽማግሌውን፣ ወይም ቢያንስ ሰፈሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጠፋል ብዬ አላምንም። የሚያውቅ ዝም ሲል የማያውቀው ወደ ፎቶዋ ተመለሰ። ጥሪዬ በዚያ ዝምታ ላይ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ኤርቢኤንቢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው የቤት ማጋሪያ ድርጅት፣ የአከራዩን ፎቶ ከቤቱ ፎቶ ጋር አብሮ እያሳየ ነው ዓለምን ያዳረሰው። የማያውቁት ሰው ቤት ለማደር የማያውቁትን ሰው ፊት ማየት ያረጋጋል ከሚል ሐሳብ ነው የተነሣው። ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲመረምሩት ግን ፊት ከሚገባው በላይ ሥልጣን ይዞ አገኙት። ኢያል ኤርት፣ አሊዛ ፍላይሸርና ናታን ማገን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በስቶክሆልም የሚከራዩ ቤቶችን አዩ፤ ፎቶው "የሚታመን ሰው ይመስላል" የተባለለት አከራይ በተሻለ ዋጋ ያከራያል፣ የመመረጥ ዕድሉም ይጨምራል። እንግዶች የሰጡት ነጥብ ግን ዋጋው ላይ ለውጥ ሲያመጣ አልታየም፤ ሁሉም ለሁሉም ከፍተኛ ነጥብ ስለሚሰጥ ማንን ከማን እንደሚለይ አልታወቀም። ልብ በሉልኝ፤ ምስክርነት ሲረክስ ሰው ወደ ፊት ይመለሳል።

ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ቤንጃሚን ኤደልማንና ማይክል ሉካ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የኒው ዮርክ አከራዮችን ፎቶ መርምረው ነበር። ተመሳሳይ ቤት፣ ተመሳሳይ ሰፈር ሆኖ፣ ጥቁር ያልሆኑት አከራዮች ከጥቁሮቹ 12 በመቶ ያህል በሚበልጥ ዋጋ ያከራዩ ነበር። ቤቱ ያው፣ አልጋው ያው ነው፤ የተለየው ፊቱ ብቻ ነው። ከተሜው ኒው ዮርክ ላይ ይህ ከሆነ፣ ጠባሳ ያለው ሽማግሌያችን ገዳሪፍ ላይ ስንት እንደሚያጣ እናንተው ገምቱት።

የሚያበረታው ግን ሌላው ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ። ሦስት ተመራማሪዎች በነጭና በጥቁር አሜሪካውያን ስም የእንግዳ መለያ አዘጋጅተው ለአከራዮች ጥያቄ ላኩ። ማንም ምንም ያልጻፈላቸው ጊዜ፣ የጥቁር ስም ያላቸው ተቀባይነት ከነጮቹ በ19 መቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ አለ። ከዚያ በየመለያው ላይ ቀድሞ ያስተናገደ አከራይ የጻፈው አንድ መልካም ቃል ጨመሩበት። ልዩነቱ ጠፋ! ነቀፌታ ያዘለ ቃል እንኳ ልዩነቱን አቀለለው። እንግዳው ስለ ራሱ "ንጹሕ ነኝ፣ ተግባቢ ነኝ" ብሎ የጻፈው ግን ምንም አልፈየደለትም። ለዘመናት የኖረን የቀለም ጥላቻ የአንድ ሰው አንድ ቃል ከበር ላይ መለሰው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ያንን ቃል በነፃ መስጠት እንችላለን።

ከገዳሪፍ ወደ ቀይ ባሕር ከወጣን ፎቶ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ እዚሁ አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ በተባለ የባሕር ዳርቻ፣ የጠላቂዎች መዝናኛ ተከፍቶ ነበር። የባሕሩንና የጎጆዎቹን ውብ ፎቶ የያዘ በራሪ ጽሑፍ አውሮፓ ውስጥ ተበተነ፤ አውሮፓውያንም ፎቶውን አይተው፣ ከፍለው መጡ፣ ተዝናንተው ሄዱ። አስተናጋጆቻቸው የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች መሆናቸውን አንዳቸውም አላወቁም። ሌሊት ሌሊት እነዚያው አስተናጋጆች ከጎንደር በእግራቸው ተጉዘው በገዳሪፍ ዙሪያ መጠለያዎች የሰፈሩትን ቤተ እስራኤላውያን በጭነት መኪና ወደ ባሕሩ ያደርሱ ነበር። ዓላማቸው ነፍስ ማዳን ነበር፤ የብዙ ወገኖቻችንንም ነፍስ አድነዋል። እንግዶቹ ግን ከፎቶው ላይ የተማሩት ባለቤቱ እንዲማሩ የፈለገውን ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናየው ፈገግታም እንደዚያው ነው። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ቤት ላይኖር ይችላል። ክፍሉን ሳያይ፣ ፊቷን አምኖ ቀብዱን በስልክ፣ በባንካክ ልኮ፣ ሻንጣውን ይዞ አጥር ስር የቀረ ሰው በየሰፈራችን አለ።

አባቶቻችን እንግዳ የሚቀበሉት በጨለማ ነበር። መንገደኛው ከአጥር ውጭ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል፤ ባለቤቱ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" ብሎ በሩን ሲከፍት ፊቱን ገና አላየውም። ያንን ደግነት ሱዳኖችም አሳይተውናል። በኅዳር 2013 ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ሲደርስ፣ መጠለያው ሳይዘጋጅ በፊት ኪሳራን ሳይቆጥሩ ግቢያቸውን የከፈቱ፣ ዱቄታቸውን ያካፈሉ የዚያች ድንበር መንደር ነዋሪዎች ናቸው። በጠቅላላው ወደ ሱዳን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ነው የተሻገረው። ፎቶህን ላክ ያለ አልነበረም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ተራው የእኛ ሆነ። በ2015 እና በ2016 ሱዳናውያን በገላባት ድልድይ ተሻግረው መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፤ በኋላም አፍጢጥ ተከፈተ። አቅም ያላቸው ደግሞ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ቤት ፈለጉ። የተቀበላቸው ሰው ብዙ ነው፤ ልጆቹን አንድ ክፍል አስተኝቶ ሌላውን ክፍል ለስደተኛ የለቀቀ ድሃ አውቃለሁ፣ ያኮራኛል። ግን "ቤት አለ" ብሎ በስልክ ከተስማማ በኋላ የልጁን ጥቁረት አይቶ "ዛሬ ጠዋት ተያዘ" ያለም አለ። ፎቶ ልከው መልስ የቀረባቸው አሉ። ከዳርፉር የመጣ ተማሪና ከኦምዱርማን የመጣ ነጋዴ በአንድ ዋጋ እኩል ክፍል አያገኙም። ይህን ስናደርግ ገዳሪፍ ላይ በእኛ ላይ የሚደረገውን በራሳችን እጅ እንደግመዋለን።

እርስ በርሳችንም ያው ነው። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባትን እናት ፎቶ አይቶ የሚያልፍ አለ፤ ሒጃብ የለበሰችውን አይቶ የሚያልፍም አለ። ስሙን፣ አነጋገሩን፣ የአንገቱን ማተብ አይቶ "ይሄ የነማን ነው?" የሚል አለ። የአገር ቤቱ ጦርነት ቁስል ገዳሪፍ ድረስ ተከትሎን መጥቷል፤ በአንድ ሆሽ ውስጥ በሁለት ተቃራኒ ወገን ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት ከተማ ነው። ከሁሉ በላይ ምስክር የሚያስፈልገን እኛ ነን። "ይህች ሴት ጎረቤቴ ነበረች፣ ልጄ ሲታመም ሌሊት ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷ ናት" የሚል አንድ ቃል ንቅሳትን ከማየት በላይ ስለ ሴትየዋ ይነግረናል።

እዚህ ላይ እህቶቼ የሚያነሱትን ጥያቄ አላልፈውም፤ የሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ብቻዋን ቤት የምትፈልግ ሴት የአከራዩን ፎቶ የምታየው በክፋት አይደለም። ሴት ቤት ውስጥ መኖር ትፈልጋለች፤ በሌሊት በሯን የሚያንኳኳባት ሰው ትፈራለች። ፍርሃቷ እውነት ነው፣ ምርጫዋም መብቷ ነው። ግን እህቴ ሆይ፣ የሴት ፊት ለጥፎ በሩን የሚከፍተው ወንድም ሊሆን ይችላል። እናት የምትመስለው አከራይ የኪራይ ቀን ባለፈ በማግስቱ እቃሽን ውጭ ልታወጣው ትችላለች። የምትጠብቅሽ እዚያ ክፍል የኖረች ሌላ ሴት ናት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ሽንት ቤቱ ከሆሹ ውጭ ነው ወይ? ባለቤቱ ሳያንኳኳ ይገባል ወይ? ወንድ ልጆቻቸው ስንት ናቸው፣ ጠባያቸውስ? ይህን ፎቶ አይነግርሽም፤ እዚያ ያደረች ሴት ትነግርሻለች። በየከተማው ደውላችሁ የምታገኟቸው፣ ቤቱን ሄደው የሚያዩ ጥቂት ሴቶች ይኑሩን። ከሻይ ሻጮቻችን የተሻለ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አላውቅም፤ ከተማውን ቤት በቤት ያውቁታል።

የገዳሪፍ ሰሊጥ ነጋዴ ጆንያውን ከውጭ አይቶ አይገዛም። እጁን እስከ መሃሉ ሰዶ ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ይነፋዋል፣ አፈርና ገለባውን ይለያል፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠራው። ለሰሊጥ ያልነፈግነውን ጥንቃቄ ልጆቻችንን ለምናሳድርበት ቤት አንንፈገው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከዛሬ ጀምሮ በየቤት ማስታወቂያ ቡድኑ ውስጥ የሰው ፊት አይለጠፍ። አስተባባሪዎች፣ ይህን ሕግ በቡድናችሁ አናት ላይ ጻፉት፤ ፊት የለጠፈውን በጨዋ ቋንቋ አስረድታችሁ አንሱት። የሚለጠፈው የክፍሉ በር፣ የውኃው ቦታ፣ ሽንት ቤቱ፣ ሰፈሩና ዋጋው ይሁን። "በውስጥ መስመር" የሚባል ዋጋ አይኑር፤ ፊት ታይቶ የሚጨመረውና የሚቀነሰው እዚያ ውስጥ ነው። የተከራይን ፎቶና የመታወቂያ ቅጂ በቡድን ውስጥ መጠየቅ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር። ብዙው ሰው ወረቀቱ ያላለቀለት ስደተኛ ነው፤ በጦርነት ዘመን ፎቶው ከእጅ እጅ ሲዞር የት እንደሚያርፍ ማንም ዋስ አይሆንለትም። መታወቂያ የሚታየው ውል ሲፈረም፣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው።

ውሉም በጽሑፍ ይሁን። በአገር ቤት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ አከራይም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ደንግጓል። ገዳሪፍ ላይ ይህ ሕግ አይገዛንም፤ መንፈሱን ግን ማን ይከለክለናል? በአማርኛና በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ሁለት ምስክር፣ በቃ። ቤቱን አንድ ሰው በአካል ሳያየው ደግሞ በባንካክም ሆነ በቴሌብር አንዲት ሳንቲም አትላኩ። ሲምሳሮችና ደላሎች፣ ይህ እናንተንም ይጠቅማችኋል፤ ሰው እንደገና በእግሩ ቤት ማየት ከጀመረ ሥራችሁ ይመለሳል።

አከራዮች፣ ተከራዩን ከማየታችሁ በፊት "ከዚህ በፊት የት ነበርክ? የማንን ቁጥር ትሰጠኛለህ?" በሉት። ወደዚያ ቁጥር ደውሉ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ወስኑ። ምስክር የሌለው አዲስ መጤ ቢሆንስ? ለእሱ ነው ዕድሮቻችን፣ ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዱ የሚያስፈልጉት። ለቀብር ድንኳን የምንተክል ሰዎች ለሕያው ሰው ቃል መስጠት አያቅተንም። አንድ የዕድር ዳኛ ወይም አንድ ሽማግሌ "አብረውኝ ከካርቱም መጥተዋል፣ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው" ቢል የመጀመሪያው በር ይከፈታል፤ ሁለተኛውን በር የመጀመሪያው አከራይ ቃል ይከፍተዋል።

ምስክርነቱ ግን እውነት ይሁን። ስቶክሆልም ላይ እንዳየነው ሁሉም ሁሉንም ካመሰገነ ቃላችን ዋጋ ያጣና ፎቶዋ ተመልሳ ትነግሣለች። ባለቤቱ ኪራይ በየወሩ ከጨመረባችሁ ጻፉት። ውኃው በሦስት ቀን አንዴ ከመጣ ጻፉት። ደግ ከሆኑም ደግ የሆኑበትን ጉዳይ ጻፉ። የሰውን ጎሳ፣ ሃይማኖትና ገመና ግን አትጻፉ፤ የምንመሰክረው ስለ ቤቱና ስለ አብሮ መኖሩ ነው። የተወቀሰ ሰውም መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይኑረው።

ይህ አይሆንም የሚለኝ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን ይመልከት። ጥቁር አሜሪካውያን በየቤቱ የደረሰባቸውን መመለስ በማኅበራዊ ሚዲያ በአንድ ድምፅ መናገር ጀመሩ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ያ ግዙፍ ድርጅት፣ ኤርቢኤንቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አሠራሩን ቀየረ፤ እንግዳው ተቀባይነት ካላገኘ በቀር ፎቶው ለአከራዩ አይታይም አለ። ለኦሪገን ግዛት ነዋሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አከራዩ ጥያቄውን እስኪቀበል ድረስ ከእንግዳው ስም የሚያየው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሆነ። የአከራዮቹ ፎቶ ግን ዛሬም እንዳለ ነው፤ ማለትም ሥራው በግማሽ ቀርቷል። እነሱ ድርጅት ማስገደድ ነበረባቸው። የእኛ ቡድኖች ግን የራሳችን ናቸው፤ አስተባባሪው ወንድማችን፣ ደላላው ጎረቤታችን ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው ከዚህ በፊት በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማም ሆነ በጎንደር ቤት ተከራይታችሁ የለቀቃችሁትን ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንሡ። የኖራችሁበትን ቤት ሰፈር፣ የበሩን፣ የውኃውን፣ የኢጃሩን ነገር፣ የባለቤቱንም አያያዝ በሦስት መስመር ጻፉና በምትገኙበት ቡድን ላኩ። አከራዮችም የወጡላችሁን ተከራዮች አስታውሱና እንዲሁ አድርጉ። "ይሄን ሰውዬ የሚያውቀው አለ?" የሚል ጥያቄ ስታዩ፣ የምታውቁት ከሆነ "እኔ አውቀዋለሁ" በሉ።